የስቶክሆልም መንገድ ፓርላማን ምን አገባው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ መንገድ ናቸው። አንድ ላይ ልመልሳቸው። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ስቶክሆልም ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሕግ ሰው አይደለሁም። ፓርላማ ሰገነት ላይ ቁጭ ብሎ ክርክር መስማት ግን የቆየ ሱሴ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የአዋጅ ቁጥር ላይ ብቻ የኛን ተጠቅሜያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ስዊድን ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራ ቦታ ፊካ (የቡና ዕረፍት) ላይ ቁጭ ብለን ስለ መጨናነቅ ታክሱ ወሬ ተነሣ። አንዱ «ይሄን ጉድ ያመጣብን ፓርላማው ነው» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ዝም በል፣ ሕዝቡ ራሱ መርጦት ነው» አለችው። ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው። ማንኛቸው ናቸው ልክ? ደግሞስ የአንድ ከተማ መንገድ የአገር ፓርላማን ምን አገባው?
(ከፋርስታ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ የያዘው የታሪኩን ጅማሬ ነው፣ ሌላዋ ደግሞ መሃሉን።

ለማያውቀው አንባቢ፦ መጨናነቅ ታክስ ማለት መኪና መሃል ስቶክሆልም ሲገባና ሲወጣ ካሜራ ሰሌዳውን አንሥቶ የሚያስከፍለው ገንዘብ ነው። ከፓርላማው ልጀምር። እዚህ አገር ማዘጋጃ ቤት ግብር የሚሰበስበው ከራሱ ነዋሪ ብቻ ነው። በየጠዋቱ ከናካ፣ ከሶልና፣ ከሁዲንጌ መኪናውን አስነሥቶ መሃል ስቶክሆልም የሚገባው ሰው ግን የስቶክሆልም ነዋሪ አይደለም። ፖለቲከኞቹ «ታክስ አንበለው፣ ክፍያ እንበለው» ብለው ነበር። የሕግ ሰዎቹ አልተስማሙም። ድሮ በተሠራ መንገድ ላይ ለማለፍ የሚጠየቅ ገንዘብ በሕገ መንግሥቱ ታክስ ነው አሉ። ይሄ ታክስ ደግሞ የሚጣለው በአገር ደረጃ ነው፤ የሚወስነውም ሪክስዳግ፣ ማለትም የአገሩ ፓርላማ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ከሰሜን ጫፍ፣ ከኪሩና አካባቢ የመጣ ተወካይ ሳይቀር በስቶክሆልም ድልድዮች ጉዳይ ድምፅ የሰጠው።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። በ2002 ምርጫ የሶሻል ዴሞክራቶቹ የስቶክሆልም መሪ አኒካ ቢልስትሮም ነበሩ። በዘመቻቸው በዚህ የሥራ ዘመን የመጨናነቅ ክፍያ አይኖርም ብለው አፋቸውን ሞልተው ቃል ገቡ። አሸነፉም። በዚያው ምርጫ ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የዮራን ፐርሾን መንግሥት ለብቻው አብላጫ አላገኘም። አገር ለማስተዳደር የግራ ፓርቲውና የአረንጓዴዎቹ ድጋፍ ያስፈልገው ነበር። አረንጓዴዎቹ ዋጋቸውን ተናገሩ፦ ስቶክሆልም ላይ የመጨናነቅ ክፍያ ይሞከር። ስምምነቱ ሲያልቅ ቢልስትሮም ቃላቸውን አጠፉ። ከተማው ተቆጣ። ምን ያህል እንደተቆጣ እኔ አውቃለሁ፤ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ፓርላማ ነው። ጠዋት ጠዋት ሌላ ወሬ አልነበረም።

ሕጉ በሪክስዳግ የጸደቀው በሰኔ 2004 ነው። ሶሻል ዴሞክራቶች፣ የግራ ፓርቲና አረንጓዴዎቹ ደገፉ። ሞደራቶቹና ሌሎቹ የቀኝ ፓርቲዎች ተቃወሙ። የተቃዋሚዎቹን ክርክር ዛሬም ቢሆን አልንቀውም። መራጩ ተዋሽቷል አሉ፤ እውነት ነው፣ ተዋሽቷል። ታክሱን የዙሪያው ከተማ ሰውም እየከፈለ ድምፅ የሚሰጠው የስቶክሆልም ሰው ብቻ ነው አሉ፤ ይሄም እውነት ነው። የሚያንስ መንገድ ካለ መንገድ ይሠራ እንጂ ሾፌር አይቀጣ አሉ። ይሄኛው ላይ አልስማማም። ዕድሜዬን በመሪ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ሲሞላ ነው ያየሁት።

መንግሥት በበኩሉ ጉዳዩን በሙከራ አለሰለሰው። መጀመሪያ ይሞከር፣ ከዚያ የከተማው ሕዝብ ድምፅ ይስጥበት። ይህቺ ቅደም ተከተል ነች ነገሩን ያተረፈችው። ሳያዩት በፊት ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ድራሹን ያጠፋው ነበር።

ሙከራው በጨረታ ክርክር ፍርድ ቤት ገብቶ ተጓተተ። በነሐሴ 2005 ግን ታክሱ ሳይጀመር አውቶቡሶቹ ወጡ። 197 አዳዲስ አውቶቡሶችና 16 አዳዲስ መስመሮች። እኔም በምሥራቅ በኩል ከናካ ማዶ ተነሥቶ ስሉሰን ከሚደርሰው ፈጣን መስመር አንዱ ላይ ተመደብኩ። አውቶቡሱ ገና የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ያን መከር ሙሉ ወንበሩ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። ከጎኔ ያለው መስመር ላይ ደግሞ መኪና ሁሉ አንድ አንድ ሰው ጭኖ ተደርድሯል። በኋላ የወጣው ጥናትም ይህንኑ አለ፦ አውቶቡስ መጨመሩ ብቻውን ከመኪናው ያወረደው ሰው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ከዚያ ማክሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 2006 መጣ። ከናካ ወደ ከተማው መግቢያ በሆነው ዳንቪክስቱል ላይ የተተከለው የካሜራ ብረት ሥራ ጀመረ። ያ ቦታ በጠዋት የታወቀ የመከራ ቦታ ነበር። ያን ዕለት ግን ፉት ብዬው አለፍኩ። የገና ዕረፍት ስላላለቀ ነው ተባባልን። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መንገዱ ግን አሁንም ይነዳል። ችግሩ የሰዓት ሰሌዳው ነበር። የተሠራው ለድሮው ወረፋ ነው። ሾፌር ደግሞ ከሰሌዳው ቀድሞ ፌርማታ መልቀቅ አይችልም። እናም በር ከፍቼ፣ ተሳፋሪው በብርዱ እየተቆጣ፣ ደቂቃ እስኪሞላ እቆም ጀመር። መንገድ ክፍት ሆኖ የቆምኩበት ጊዜ ያ ብቻ ነው። በኋላ ሰሌዳውን አስተካከሉት።

በሙከራው ጊዜ የታክሱን መስመር የሚያቋርጠው የመኪና ብዛት 22 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሰው ይሄን ሲሰማ «ከአምስት አንድ መኪና ብቻ?» ይላል። ነገር ግን መንገድ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚዘጋው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መኪኖች ነው። እነዚያ ሲወጡለት ወረፋው ከዚያ በሚበልጥ መጠን ያጥራል።

ሐምሌ 31 ሙከራው አበቃ፣ ካሜራው ሥራ አቆመ። በነሐሴ መኪናው ተመለሰ። በእኔ ግምት ሕዝበ ውሳኔውን ያሸነፈው ያ ነሐሴ ነው። መስከረም 17 ቀን 2006፣ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን፣ የስቶክሆልም ሰው 51.3 በመቶ «ይቀጥል»፣ 45.5 በመቶ «ይቅር» አለ። የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። የዙሪያ ከተሞችም የራሳቸውን ድምፅ አሰጡ። ናካና ሊዲንጎን ጨምሮ አብዛኞቹ አንፈልግም አሉ። እኔ ከናካ የማመጣቸው ተሳፋሪዎች አውቶቡሱን ወደዱ፣ ታክሱን ጠሉ። ሰው እንዲህ ነው።

በዚያው ቀን ፐርሾን ሥልጣን አጡ። ቢልስትሮምም ከተማዋን አጡ። ያሸነፈው በፍሬድሪክ ራይንፌልት የሚመራው የቀኝ ጥምረት፣ ያ ታክሱን ሲያወግዝ የከረመው ወገን ነው። እንግዲህ ታክሱ አበቃለት ስንል ጥቅምት 1 ቀን «ይቀጥላል፣ ገንዘቡ ግን ለመንገድ ግንባታ ይውላል» ብለው አረፉት። በሰኔ 2007 ሪክስዳግ አጸደቀው፣ ነሐሴ 1 ቀን ሥራ ጀመረ፣ እስከ ዛሬም አለ። ሲቃወሙ የነበሩት ደጋፊ ሆኑ። አረንጓዴዎቹ ደግሞ ተራቸውን ተበሳጩ። እነሱ ያመጡት ታክስ የመኪና መንገድ ሊሠራበት ነዋ!

ለእኔ የዚህ ሁሉ ክርክር ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ሰገነቱ ላይ ሆኜ ስሰማ ስለ ንጹሕ አየር የሚያወራው ብዙ ነበር፤ ስለ ነፃነት የሚያወራውም ብዙ ነበር። ድምፅ ከፍ የሚለው ግን ገንዘቡ የማን ኪስ ይገባል የሚለው ላይ ሲደረስ ነው። በ2013 ሌላ ስምምነት መጣ፦ ታክሱ ይጨመር፣ እስከዚያ ድረስ ነፃ የነበረው ኤሲንግሌደን የሚባለው አውራ ጎዳና ላይም ይጣል፣ ገቢው የምድር ባቡሩን ለማስረዘም ይዋል። ጭማሪው ከ2016 ጀምሮ ይከፈላል። መጀመሪያ 20 ክሮና የነበረው የጥድፊያ ሰዓት ዋጋ አሁን ሰው በሚበዛበት ወቅት 45 ደርሷል፤ የቀኑ ጣሪያ 135 ነው። ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦችሽ እንዲህ በያቸው፦ ፓርላማው አመጣው፣ ሕዝቡ አጸናው፣ የተቃወሙት ደግሞ ገንዘቡን ሲያዩ ወደዱት።

አንድ ነገር ላክልና ልለፍ። «ድሃን የሚጎዳ ታክስ ነው» ሲባል ትሰሚያለሽ። በጥናቱ መሠረት በሙከራው ጊዜ አብዝቶ የከፈለው መሃል ከተማ የሚኖረውና ደህና ገቢ ያለው ሰው ነው። የኛ ሰዎች ጽዳት ሲሠሩ የሚገቡት ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። ያኔ ካሜራው አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። ጀሞ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ አራት ኪሎ ነው። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። መንገዱ ደግሞ አንድ ሰው የያዘች የቤት መኪና በቤት መኪና ነው። እኛስ ካሜራ ተክለን ባለ መኪናውን ብናስከፍለው ምን ይለናል? የተወካዮች ምክር ቤቱስ ይሄን ትቶ ምን ላይ ነው የሚከራከረው?
(የጀሞው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ሰልፍ አውቀዋለሁ። ባለፈው ስመጣ ሜክሲኮ ላይ ቆሜበታለሁ።

ምክር ቤቱን በተመለከተ የናንተ አሠራር ከዚህኛው ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፤ ተጠሪነቷ ደግሞ ለፌዴራል መንግሥቱ ነው። ቻርተሯም አዋጅ 361/1995 ነው። የራሷ ምክር ቤትም አላት። ስለዚህ ስለ መንገድ ክፍያ መጀመሪያ የሚንኳኳው የከተማው ምክር ቤት በር ነው።

ያም ሆኖ የፌዴራሉ ምክር ቤት መኪናችሁን በሌላ በኩል ነክቶታል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186/2012፣ ባረጁ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። ያን ጊዜ በየቡና ቤቱ ስለ ቪትዝ ዋጋ ያልተከራከረ አልነበረም። በጥር 2024 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። ጥሩ። ምክንያቱ ግን ነዳጅ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ነው። ያ ክርክር ስለ ነዳጅ እንጂ ስለ መንገድ አልነበረም። ኤሌክትሪክ መኪናም መገናኛ ላይ ይቆማል፤ ድምፁ ብቻ ነው የማይሰማው።

አሁን ካሜራውን እንየው። ስቶክሆልም በውሃ ላይ የተቀመጠች ከተማ ነች። ወደ መሃሏ የሚገባው ሁሉ በድልድይና በተወሰኑ በሮች ነው የሚያልፈው፤ 18 ቦታ ላይ ካሜራ ተክለው ከተማዋን ዘጉ። አዲስ አበባ እንዲህ አይደለችም። ፒያሳን ብታጥር ሾፌሩ በሰባራ ባቡር ይዞራል፣ በውስጥ ለውስጥ ይሾልካል፣ የሰፈሩ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት መንገድ አውራ ጎዳና ይሆናል። ይሄ ግን የቴክኒክ ነገር ነው፤ መላ አያጡለትም።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። የቤት መኪናውን ትቶ የሚወርደው ሰው ምን ላይ ይሳፈራል? የቀላል ባቡሩን አስታውስ። በ2015 ሲከፈት አገር ጉድ አለ። 34 ኪሎ ሜትር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡር መግዛትና ባቡር ማስኬድ ለየቅል ናቸው። ባንተው ሰፈርም ከጀሞ እስከ ዊንጌት የፈጣን አውቶቡስ መስመር ታቅዶ ነበር። ሲወራ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ ከእኔ አንተ ሳትሻል አትቀርም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበልህ፤ ካልተስማማህ ጻፍልኝ። አዲስ አበባ የጥድፊያ ሰዓት ክፍያ አሁንም አላት። የሚከፍለው ግን የተሳሳተው ሰው ነው። ማታ ሰልፉ ሲረዝም ሚኒባሱ መስመሩን ይቆራርጠዋል። «ሳር ቤት ብቻ! ሳር ቤት ብቻ!» ይላል ረዳቱ፤ ጀሞ ድረስ የሚሄደውም ያውቀዋል። ሳር ቤት ላይ ያወርድህና እዚያው ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሒሳብ። እኔ ራሴ እንዲህ ሆኜ ከፍያለሁ። መንገዱን አንድ ሰው ይዛ የዘጋችው የቤት መኪና ግን ለዚያ ሰዓት ሰባራ ሳንቲም አልጨመረችም። ስዊድኖቹ ያደረጉት ይሄንን መገልበጥ ነው፦ በጥድፊያ ሰዓት ቦታ የሚያባክነው ይጨምር፣ አብሮ የሚሳፈረው ይቅለለው።

ስለዚህ ሐሳብህን አልጠላሁትም። መኪና ያለው ሰው በከተማችሁ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በእግሩና በታክሲ ነው የሚሄደው። ከጥቂቱ ወስዶ ለብዙው ማዋል ፍትሐዊ ነው። እኔ ብሆን ግን ከካሜራው በፊት ቀለም ነው የምገዛው። አንድ መስመር ለአንበሳና ለሸገር አውቶቡሶች ብቻ ይቀባ፣ ትራፊክ ፖሊስ ይቁምበት፣ የባለሥልጣን መኪናም አትግባ። በተለይ የመጨረሻዋ። ያ መስመር መነዳት ሲጀምር፣ ከጎኑ ቪ8 ውስጥ ቆሞ የሚያየው ሰው ራሱ ነገሩን ለምክር ቤት ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያ ብትነጋገሩ የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ። የሚሰበሰበው ብር የት እንደሚገባ ግን አስቀድማችሁ በሕግ አስጽፉ። ወደ ጠቅላላው ካዝና ከገባ በኋላ አውቶቡስ ሆኖ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጭር ጥያቄ ነች። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ መኪና ሊገዛ ነው። ዕዳ ስላለበት በስሙ ማድረግ አልፈለገም። «በስምህ ትሁንልኝ፣ መጨናነቅ ታክሱንም ፓርኪንጉንም እኔ እከፍላለሁ» ብሎኛል። አብሮ አደጌ ነው፣ እንቢ ማለት ከበደኝ። ችግር አለው?
(ከሪንከቢ)

መልስ፦ አለው። እንቢ በለው።

ካሜራው የሚያነሣው ሰሌዳ ነው። ማን እንደነዳ አይጠይቅም። ሒሳቡ በወር አንዴ ተጠቃሎ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ይመጣል፤ ማለትም ላንተ። እሱ ሲዘነጋ ካንተ ላይ 500 ክሮና ቅጣት ይጨመራል። ያም ካልተከፈለ ዕዳ አስከፋዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክሮኖፎግደን ጋ ይሄዳል። እዚያ አንዴ ስምህ ከገባ የቤት ኪራይ ውል፣ የስልክ ውል፣ የባንክ ብድር ሁሉ ላይ ይከተልሃል። ያልተከፈለው ታክስና ቅጣት ከ5,000 ክሮና አልፎ ስድስት ወር ከቆየ መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ትታገዳለች፤ ፖሊስ ካገኛትም ሰሌዳዋን ይፈታል። አገር ቤት ሊብሬ በሌላ ሰው ስም አድርጎ መንዳት የተለመደ ነው። እዚህ የሰውን ዕዳ ከነወለዱ መሸከም ነው።

ቀድመህ ፈርመህ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ስም አዛውር። የምዝገባ ወረቀቱ ሁለት ክፍል አለው። ቢጫውን ፈልገህ አውጣ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ላኩት። በኢንተርኔትም ይቻላል። ከተዛወረበት ቀን በፊት የተነሣው ሁሉ ግን ያንተው ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ ምን ያህል እንደተጠራቀመ እይ። ያንን ጓደኛህ ፊርማው ሳይደርቅ ይክፈልህ።

እንቢ ለማለት ካፈርክ በእኔ አሳብብ። «አንድ ሽማግሌ ከለከለኝ» በለው። ካልተስማማ ደብዳቤውን እሱ ራሱ ይጻፍልኝ፤ በሚቀጥለው ወር እመልስለታለሁ።